ፍሬን ያዡ

እሺ ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ዛሬም ከደሴ ነኝ፣ ዝናብ ስለሆነ የቆርቆሮው ድምፅ ይገባባችኋል፣ አብሽሩ።

አውስትራሊያ ሜልቦርን እህቴ ጋ ሄጄ ነበር ብያችሁ የለ፣ እና እዛ ሴንት ኪልዳ ባህሩ ዳር ሉና ፓርክ የሚባል መዝናኛ አለ፣ ውስጡ የእንጨት ሮለር ኮስተር አለ፣ ሀዲድ ላይ ዳገት ቁልቁለት ሚሮጥ የመዝናኛ ባቡር ማለት ነው፣ ሲኒክ ሬልዌይ ይሉታል፣ 1912 በነሱ አቆጣጠር የተከፈተ ነው። ከሩቅ ሳየው ትዝ ያለኝ እኛ ጋ ፎቅ ሲሰራ በባህር ዛፍ የሚታሰረው መወጣጫ ነው፣ እንጨት በእንጨት ላይ።

ተሳፈርን። ባቡሩ መሀል አንድ ሰው ቆሟል። እኛ ሁላችን ተቀምጠን እሱ ብቻ ቆሞ ነው ሚሄደው፣ ፍሬኑን የያዘው እሱ ነው። ዳገቱን ተጎትቶ ከወጣ በኋላ እኮ ሞተር የለም፣ ሚነዳው ክብደቱና ቁልቁለቱ ነው። ከሱ በኋላ የመጡት ከሀዲዱ ስር ሚገባ ጎማ አላቸው፣ ጆን ሚለር የሚባል አሜሪካዊ 1919 ላይ ፓተንት ያወጣበት ነው፣ ጋሪው ወደ ላይ እንዳይነሳ አንቆ ይይዘዋል። ይሄኛው ግን ከዛ በፊት የተሰራ ስለሆነ ያ ጎማ የለውም፣ ስለዚህ ከልክ በላይ እንዳይፈጥን ሚጠብቀው የሰውየው እጅ ነው፣ መቶ አመት ካለፈውም በኋላ አሁንም እጅ ነው።

ደሴ ያደገ ሰው ስለ ቁልቁለት አይነገረውም መቼስ። ታላቅ ወንድሜ ከጋራዥ ኩሽኔታ ለምኖ የእንጨት ጋሪ ሰርቶ ነበር፣ ሶስት ኩሽኔታ፣ ሁለት ከኋላ አንድ ከፊት፣ አስፋልት ላይ ስትወርድ ጩኸቷ ሰፈሩን ይሞላዋል፣ እኔ ከፊት ገመዱን ይዤ እሱ ከኋላዬ ይቆማል፣ ፍሬናችን በረባሶው ነው፣ አስፋልቱ ላይ ጫን ያደርገዋል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ እኔ ስጮህ "አብሽሪ እኔ አለሁ" ይላል።

አንድ ቀን በረባሶው መንገድ ላይ ወልቆ ቀረ። ከታች አይሱዙ እየመጣ ነው፣ እኔ ምንም አላወኩም፣ ብቻ ጋሪው ቆመ። ዞር ስል ተረከዙ ደም በደም ሆኗል፣ በባዶ እግሩ ነው ያቆመው። ለእናታችን ድንጋይ መታኝ አላት፣ እኔም እስከዛሬ አልነገርኳትም፣ ጠባሳው አሁንም አለ።

እና እዛ ባቡሩ ላይ ሁሉም እጁን ወደ ላይ አድርጎ ሲጮህ እኔ ዞሬ ሰውየውን ነበር ማየው፣ ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ክንዱ ሲወጠር፣ እንባዬ መጣ፣ እህቴ ፈርታ መስሏት እጄን ያዘችኝ።

ማታ ደወልኩለት ለወንድሜ፣ ሁሉንም ነገርኩት፣ ባቡሩን፣ እንጨቱን፣ ቆሞ ሚሄደውን ሰውዬ። ቆየት አለና "ጫማ አድርጓል?" አለኝ።

አድርጓል አልኩት።

"አልሐምዱሊላህ" አለ።