ጆን ወይስ ፖል? የቢትልስ አድናቂዎች ስልሳ ዓመት ያልጨረሱት ክርክር

[ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶ። ጣሪያው ዝቅ ያለ የምድር ቤት ክለብ፣ ሰው ጢም ብሎበታል]

ኦገስት 1962፣ ሊቨርፑል፣ እንግሊዝ። ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፣ እስከ መጨረሻው እንደዚያው ነን።

ካቨርን በሚባለው ክለብ ግርግር ተነሥቷል። ቢትልስ የሚባሉት የከተማው ባንድ ልጆች ድራመራቸውን ፒት ቤስትን አባረው ሪንጎ ስታርን ካመጡ ገና ጥቂት ቀናቸው ነው። ፒት መልከ መልካም ነበር። የራሱ ደጋፊዎች ነበሩት፤ በተለይ ሴቶቹ ይሞቱለት ነበር። መባረሩ አልተዋጠላቸውም። «ፒት ለዘላለም! ሪንጎ በጭራሽ!» እያሉ ይጮኻሉ። ነገሩ ከጩኸት አለፈና ጊታሪስቱ ጆርጅ ሃሪሰን ዓይኑ ላይ ቡጢ ቀመሰ።

[ምስል፦ የሴፕቴምበር 1962 የስቱዲዮ ፎቶ። ካሜራው ወደ ጆርጅ ፊት ቀስ እያለ ይጠጋል]

ይኸው። ለንደን ስቱዲዮ ገብተው የተነሡት ፎቶ ነው። የጆርጅን ዓይን ሥር እዩት፣ ጠቁሯል።

የሚገርመው፣ የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈናቸው ገና አልወጣም። እሱ የወጣው ኦክቶበር ላይ ነው። ማለትም ዓለም የቢትልስን ሙዚቃ ሳይሰማ፣ «የማን ወገን ነህ?» የሚለው ጸብ ደም አፍስሶ ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ ጸቡ ስለ ፒት አይደለም። ሁለት የቢትልስ አድናቂ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ጥያቄው ስለ ባንዱ ሁለት ዋና ዘፈን ደራሲዎች ነው፦ ጆን ሌነን ወይስ ፖል ማካርትኒ? የጆን ወገን «ፖል ጣፋጭ ዜማ ሠሪ ነው፣ ነፍስ ያለው ጆን ነው» ይላል። የፖል ወገን «ጆን ወሬ ነው፣ ሙዚቀኛው ፖል ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ይህን እላለሁ፦ ሁለቱም ወገን የሚከራከረው በአብዛኛው ከዘፈኖቹ ተነሥቶ አይደለም። ከዘፈኖቹ ውጪ በተፈጠረ ምስል ነው። ምስሉ ከየት እንደመጣ እንይ።

[ምስል፦ የድሮ ቴሌቪዥን፣ በስክሪኑ ላይ አራቱ ልጆች]

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964። ቢትልስ በአሜሪካ የኤድ ሱሊቫን ሾው ላይ ቀረቡ። ወደ 73 ሚሊዮን ሰው አያቸው። ካሜራው በየተራ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ስማቸው ከሥር ይጻፋል። ጆን ጋር ሲደርስ አንድ መስመር ተጨመረ፦ «ይቅርታ ልጃገረዶች፣ ባለትዳር ነው።»

ቀልድ ነው፣ ግን አሠራሩን ያሳያል። ተመልካቹ ከአራቱ አንዱን እንዲመርጥ እየተጋበዘ ነበር። ፖል ቆንጆው፣ ጆን ብልጡ፣ ጆርጅ ዝምተኛው፣ ሪንጎ አስቂኙ። የእያንዳንዳቸው ስም ያለበት የደረት ባጅ ይሸጥ ነበር። ጆርጅ ጄሊ ከረሜላ እወዳለሁ ብሎ ስለተሰማ ኮንሰርት ላይ የከረሜላ ዝናብ ዘነበባቸው። አሜሪካ ውስጥ ያለው ከረሜላ ደግሞ ጠንካራ ነው፣ ያማል።

አራቱም የተሰጣቸው ስም እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም።

[ምስል፦ የሸክላ ዲስክ መሀል ወረቀት፤ «ሌነን–ማካርትኒ» የሚለው ጽሑፍ ጎልቶ]

ሁለተኛው ምክንያት ይህ ጽሑፍ ነው። ጆንና ፖል የተገናኙት ጁላይ 6 ቀን 1957፣ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ባዛር ላይ ነው። ጆን 16፣ ፖል 15 ዓመቱ። ገና ልጆች ሳሉ ተስማሙ፦ አንዳችን ብቻችንን የጻፍነውም ቢሆን በሁለታችን ስም ይውጣ። ስለዚህ «የስተርዴይ»ን ፖል ብቻውን ጽፎት፣ ብቻውን ዘፍኖት፣ ከሌሎቹ ሦስቱ አንድም ሰው ሳይጫወትበት የሁለቱ ተባለ።

ለአድናቂ ከዚህ የበለጠ የክርክር ማገዶ ከየት ይመጣል? የተለመደው ዘዴ «መሪውን ድምፅ የዘፈነው እሱ ነው የጻፈው» የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ ይሠራል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። «ኢን ማይ ላይፍ» ላይ ግጥሙ የጆን መሆኑ ያስማማል፤ ዜማውን ግን ፖል «እኔ ነኝ የሠራሁት» ይላል፣ ጆን ደግሞ የፖልን ድርሻ በጣም ጠባብ ያደርገዋል። ነገሩ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጋር ደረሰ። የሁለቱን ዜማና ኮርድ አካሄድ በኮምፒውተር አነጻጽረው በ2018 ውጤቱን አቀረቡ። ሚዛኑ ወደ ጆን አደላ። የፖል ወገን አመነ? በፍጹም።

[ምስል፦ አቢ ሮድ ስቱዲዮ፣ 1966። የቴፕ ማሽኖች]

እስቲ አሁን ስሙን ትተን ወደ ዘፈኖቹ እንግባ።

ጆን አብዮተኛው፣ ፖል ለስላሳው ነው ይባላል አይደል? በ1966 ጆን ከለንደን ወጣ ባለ ሰፊ ቤት ከሚስቱና ከልጁ ጋር ነበር የሚኖረው። መሀል ከተማ ያለው፣ ጋለሪ ለጋለሪ የሚዞረው፣ የሚያስደነግጥ ዘመናዊ ሙዚቃ የሚያዳምጠው ፖል ነው። ቤቱ ውስጥ በቴፕ መቅጃ ሲጫወት የቴፕ ቁራጭ ጫፍና ጫፉን ያጣብቅና ድምፁ እየተደጋገመ እንዲዞር ያደርግ ነበር። እነዚያን ቴፖች ይዞ ስቱዲዮ መጣ። የጆን «ቱሞሮው ኔቨር ኖውስ» ላይ ገቡ። በሕንፃው ውስጥ ያሉ ማሽኖች ሁሉ ተሰልፈው፣ ሠራተኞች ቴፑን በእርሳስ ወጥረው ይዘው፣ በአንድ ጊዜ አዞሩት። ያ የወፍ ጩኸት የሚመስለው ድምፅ የፖል ነው። ከቢትልስ ዘፈኖች ሁሉ «ጆን ጆን» የሚሸተው ዘፈን ላይ!

ግልባጩን ደግሞ እዩ። ሁለቱም 1968፣ ሁለቱም አንድ አልበም ላይ። ጆሮ የሚሰነጥቀው፣ ሪንጎ መጨረሻ ላይ «ጣቴ ውሃ ቋጠረ!» ብሎ የሚጮኽበት «ሄልተር ስኬልተር» የማን ነው? የፖል። ሕፃን የሚያስተኛው፣ በቫዮሊን የታጀበው «ጉድ ናይት»ስ? ጆን ለልጁ የጻፈው ነው። ዘፋኙ ሪንጎ ስለሆነ ብዙ ሰው አያውቅም።

[ምስል፦ ባዶ ትልቅ ስቱዲዮ። አርባ ወንበር]

አሁን አንድ ዘፈን ላይ ረጋ ብለን እንቆይ። «ኤ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ»፣ 1967።

ጆን የዘፈኑ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ጋዜጣ እያነበበ፣ በሕልም ውስጥ እንዳለ ሰው የሚዘፍነው። መሀሉ ግን ባዶ ነው። ፖል ደግሞ የትም ያልገባ ቁራጭ አለችው፤ ጠዋት ተነሥቶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ አውቶቡስ ለመያዝ የሚሮጥ ሰው ታሪክ። ሁለቱን ለማገናኘት 24 ባር (የሙዚቃ ምት መለኪያ ነው) ክፍት ቦታ ተዉ። ምን እንደሚገባበት ግን ገና አልወሰኑም። ረዳታቸው ማል ኢቫንስ ማይክ ላይ ሆኖ ከአንድ እስከ ሃያ አራት ቆጠረ። ሲጨርስ እንዲታወቅ የሰዓት ደወል አስጮኸ።

በኋላ 40 የኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ተጠሩ። ከዝቅተኛው ኖታ ተነሥታችሁ፣ ጎረቤታችሁን ሳትከተሉ፣ እስከ ላይኛው ውጡ ተባሉ። በሥነ ሥርዓት ለተማሩ ሙዚቀኞች እብደት ነው። ክፍተቱ በዚያ ማዕበል ተሞላ። ደወሉ ግን ቀረ። ቢሰረዝ ምን ያደርጋል? ቀጥሎ የሚመጣው የፖል ቁራጭ ከእንቅልፍ መነሣት ነው! ዛሬም ስትሰሙት ደወሉ ይጮኻል፣ ፖል ይነሣል።

እዚህ ጋ «የማን ዘፈን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ እስቲ።

«ጌቲንግ ቤተር» ላይም ያው ነው። ፖል ነገሩ ሁሉ እየተሻሻለ ነው ብሎ ይዘፍናል። ጆን ከኋላ ሆኖ፣ ከዚህ በላይ ሊብስ አይችልማ፣ ይለዋል። ጆን ባይኖር ዘፈኑ ማስታወቂያ ይሆን ነበር።

[ምስል፦ የጋዜጣ ርዕስ፣ ኤፕሪል 1970]

ታዲያ ሚዛኑ ለምን ለዓመታት ወደ ጆን አዘነበለ? የባንዱ ፍቺ ነገር ነው።

መጀመሪያ «ወጥቻለሁ» ያለው ጆን ነው፣ ሴፕቴምበር 1969 ላይ። ግን በር ተዘግቶ ነው የተናገረው፤ የውል ድርድር ስለነበር ምስጢር ሆኖ ቆየ። በአደባባይ የተሰማው ፖል ነው፣ በኤፕሪል 1970 የራሱን አልበም ሲያወጣ። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ሦስቱን ጓደኞቹን ፍርድ ቤት ከሰሰ። በሕግ ከሽርክናው የሚወጣበት መንገድ ያ ነበር። ሕዝቡ ያየው ግን አንድ ነገር ነው፦ ፖል በተናቸው።

በ1971 ነገሩ ወደ ልጅነት ወረደ። ፖል «ራም» የሚል አልበም አወጣ፣ ሽፋኑ ላይ የበግ ቀንድ ይዞ። ተቺዎች ረገሙት። ጆን በበኩሉ «ሃው ዱ ዩ ስሊፕ?» ብሎ ስድብ በስድብ የሆነ ዘፈን ሠራበት፤ ጊታሩን ማን ተጫወተ? ጆርጅ። ዘፈኑ ባለበት የጆን አልበም ውስጥ ደግሞ ጆን የአሳማ ጆሮ ይዞ የተነሣበት ፖስትካርድ ተጨመረ። ዕድሜያቸው ሠላሳ ገደማ የሆነ፣ የዓለም ዝነኛ ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

ከዚያ ዲሴምበር 8 ቀን 1980 መጣ። ጆን ኒውዮርክ ውስጥ በመኖሪያው ደጃፍ በጥይት ተገደለ። ዕድሜው 40 ነበር። በማግሥቱ ፖል ለንደን ውስጥ ከስቱዲዮ ሲወጣ ጋዜጠኞች ከበቡት። ድንጋጤ ላይ ነበር፤ አጭርና ቀዝቃዛ የመሰለ መልስ ሰጠ። ያቺ መልስ ለዓመታት ተከተለችው። ጆን ሰማዕት ሆነ፣ ፖል በሕይወት የተረፈው ሰውዬ። ከሟች ጋር ተወዳድሮ ማሸነፍ ደግሞ አይቻልም። በ2002 አንድ የኮንሰርት አልበም ላይ ስሙን ከጆን ስም ቢያስቀድም እንኳ ጉድ ተባለ። የ1963 የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ያው ነበር፤ ማካርትኒ ቀድሞ፣ ሌነን ተከትሎ።

[ምስል፦ ጃንዋሪ 1969፤ ፖል ቤዝ ጊታሩን እንደ ተራ ጊታር እየመታ]

ወደ ፖል የተመለሰው ሚዛን በ2021 በአንድ ዶክመንተሪ የመጣ ይመስለኛል። ፒተር ጃክሰን የ1969ን ቀረጻ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው አድርጎ አወጣው። አንድ ቦታ ላይ ጆን አርፍዷል። ፖል ቁጭ ብሎ ቤዝ ጊታሩን (ወፍራም ድምፅ ያለውን) ይመታል፣ ያጉተመትማል። ጆርጅ ያዛጋል። ቃል የለም፣ ዜማ የለም። በደቂቃዎች ውስጥ «ጌት ባክ» ከባዶ ነገር ሲወጣ ታያላችሁ። ያንን አይቶ «ፖል ሰነፍ ዜማ ሠሪ ነው» ማለት ይከብዳል።

[ምስል፦ ጆርጅ፣ የአትክልት ቦታ ውስጥ]

የጆርጅ ወገኖች፣ አልረሳኋችሁም። ክርክራችሁ ግልጽ ነው፦ በአልበም አንድ ሁለት ዘፈን ብቻ እየተሰጠው ታፍኖ ነበር። እውነት አላችሁ፣ ግን ለመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው የሚሠራው፤ የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖቹ ለእኔ ያን ያህል አይደሉም። በ1969 ግን «ሰምቲንግ»ንና «ሂር ካምስ ዘ ሳን»ን በአንድ አልበም አመጣ። ሁለተኛው በ2023 ስፖቲፋይ ላይ አንድ ቢሊዮን ጊዜ የተሰማ የመጀመሪያው የቢትልስ ዘፈን ሆኗል። ሌነንም ማካርትኒም አይደሉም የጻፉት።

ሪንጎስ? «ቢትልስ ውስጥ እንኳ ምርጥ ድራመር አይደለም» የምትለዋን ቀልድ ጆን ተናገራት ይባላል። አልተናገረም። ከሞተ በኋላ በእንግሊዝ የኮሜዲ ፕሮግራም የተነገረች ናት። ሪንጎ ግራኝ ነው፣ ግን ለቀኝ እጅ በተዘረጋ ድራም ላይ ይጫወታል። ስለዚህ ሌላው ድራመር በሚሄድበት አቅጣጫ አይሄድም፤ አመታቱ የትም የማይሰማ የሆነው ለዚህ ነው። በ1968 ተቀይሞ ለሁለት ሳምንት ያህል ጥሎ ሄደ። ሲመለስ ድራሙን አበባ በአበባ አድርገውት ጠበቁት።

[ምስል፦ ጥቁር ስክሪን። የሙዚቃ ሞገድ ብቻ]

እሺ፣ የእኔስ ወገን? ፖል። ግን በራሱ ዘፈኖች አይደለም፤ በሰው ዘፈን ላይ በሚጫወተው ቤዝ ነው።

«ሬይን»ን ክፈቱ፣ 1966፣ የጆን ዘፈን። ሙዚቃው በፍጥነት ተቀድቶ ከዚያ ቴፑ እንዲዘገም ተደርጓል፤ ለዚህ ነው ድራሙ ውሃ ውስጥ ያለ የሚመስለው። ሪንጎ ራሱ ምርጥ ሥራዬ ነው ይለዋል። የጆንን ድምፅ ለአንድ ጊዜ ተዉትና ከሥሩ ያለውን ብቻ ተከተሉ። ቤዙ ዝም ብሎ አያጅብም። ወደ ላይ ይወጣል፣ አንድ ኖታ ላይ ቆሞ ይነዘንዛል፣ ጆን ትንፋሽ ሲወስድ ክፍተቱን ይሞላል። በስልክ ስፒከር አይሰማም፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ።

ሰምታችሁ ከዚያ በኋላም «ጆን» ካላችሁ፣ ምክንያታችሁን ከሥር ጻፉልኝ። የጆርጅ ወገኖች ከሁሉ ቀድማችሁ እንደምትጽፉ አውቃለሁ።