ለፒፓ የሚሆን የማግኔት ማቆሚያ፦ ማግኔቱ የሚችለውና የማይችለው

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተጋደሙ ፒፓዎች፤ አንድ እጅ ማግኔት ያስጠጋል፤ ምንም አይሆንም]

ሰላም ተመልካቾቻችን። አያችሁ? ፒፓ በማግኔት አይሳብም። ራሱ፣ ማለትም ትምባሆ የሚሞላበት ጎድጓዳው፣ እንጨት ነው፤ መምጠጫው ኢቦናይት (የጠነከረ ጎማ) ወይም አክሪሊክ (ፕላስቲክ) ነው። አንገቱ ላይ የሚያብለጨልጨው ቀለበትም ብር ወይም ናስ ከሆነ ማግኔት አያውቀውም። ታዲያ የማግኔት ማቆሚያ ምን ሊያደርግ ነው? ማግኔቱ የሚይዘው ፒፓውን ሳይሆን ፒፓው የሚያርፍበትን የእንጨት መደገፊያ ነው። መደገፊያው ላሜራ ላይ ይለጠፋል፤ ሲያሻችሁ ታነሱታላችሁ፣ ታስጠጉታላችሁ፣ ታርቁታላችሁ። አንዱ ፒፓ ረጅም፣ ሌላው ጎባጣ ቢሆን አዲስ ቀዳዳ መብሳት የለም።

በነገራችን ላይ፣ ጥሩ ፒፓ የሚሠራበት እንጨት ለእኛ ባዕድ አይደለም። በሰሜን ተራሮችና በባሌ የሚበቅለው አስታ ራሱ ነው። ለፒፓ የሚውለው ግን በሜዲትራኒያን ዙሪያ ከሚበቅለው አስታ ሥር ላይ የሚወጣው ጠንካራ እብጠት ነው፤ እሳት ቶሎ አይበላውም።

[ምስል፦ የብየዳ ቤት ደጃፍ፣ የላሜራ ቁርጥራጭ]

ወደ ዕቃው እንምጣ። አዳማ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይዱ ቤቶች ዘንድ ቁራጭ ላሜራ አይጠፋም። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ለምኑ። የጣሪያ ቆርቆሮ አይሁን፤ በጣም ቀጭን ብረት የማግኔቱን ኃይል በሙሉ ሊቀበል ስለማይችል አያያዙ ይላላል። አሉሚኒየም ጨርሶ አይሆንም። የማይዝግ ብረት ደግሞ አንዳንዱ ይሳባል፣ አንዳንዱ አይሳብም፤ ስለዚህ ማግኔቱን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሞክሩ። ለእንጨቱ ዋንዛ ይበቃል።

ማግኔቱ ኒዮዲሚየም የሚባለው ኃይለኛ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ። ከተበላሸ ሃርድ ዲስክ ውስጥም ይገኛል፤ ግን ቅርጹ ቆልማማ ነው፣ እንጨት ውስጥ መቅበሩ ያታክታል። ልቁረጠው ብላችሁ እንዳትሞክሩ፤ ይሰባበራል።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ላሜራውን ግድግዳ ላይ ያቆምና ፒፓውን ከነመደገፊያው እዚያ ላይ ይሰቅለዋል። ከዚያ መደገፊያው ቀስ እያለ ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ሰውየውም ማግኔቱን ደካማ ነው ብሎ ይረግማል። ማግኔቱ ደካማ አይደለም። ፊት ለፊት ጎትቶ ለማላቀቅ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ለማንሸራተት ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃል፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ የሚይዘው ሰበቃ ብቻ ነው። ለስላሳ ቀለም የተቀባ ላሜራ ላይ ደግሞ ሰበቃው ትንሽ ነው።

መፍትሔው ትልቅ ማግኔት መግዛት አይደለም። ክብደቱን ለወለሉ ስጡት።

[ምስል፦ ከጎን ሲታይ፦ የተኛ ላሜራ፣ የቆመ ላሜራ፣ በመካከል ፒፓ]

አንዱን ላሜራ አስተኙ፣ ሌላውን ከኋላው አቁሙ። በተኛው ላይ ጎድጎድ ያለች ትንሽ እንጨት ትቀመጣለች፤ የፒፓው ራስ እዚያ ያርፋል። በቆመው ላይ ባላ ያላት ሌላ ቁራጭ ትለጠፋለች፤ መምጠጫው እሷን ይደገፋል። ክብደቱ ሁሉ ታች ነው፤ የላይኛዋ ሥራ ፒፓው እንዳይወድቅ ደገፍ ማድረግ ብቻ። እሷም ብትንሸራተት ከጀርባዋ ከባጃጅ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ስስ ቁራጭ ለጥፉ። መምጠጫው ወደ ላይ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ውስጥ የቀረው እርጥበት ወደ አፍ ሳይሆን ወደ ራሱ ይወርዳል።

ማግኔቱን ለመቅበር በ10 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቆፍሩ። ጥልቀቱ እንዳያመልጣችሁ መሰርሰሪያው ላይ ፕላስተር ጠቅልሉ። ማግኔቱ ከእንጨቱ ጋር እኩል ይሁን፤ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ወደ ውስጥ ቢገባ ኃይሉ በጉልህ ይቀንሳል። በኤፖክሲ ሙጫ አጣብቁና ሲደርቅ ለፒፓው ራስ ማረፊያ ለስላሳ ቆዳ አልብሱ። ሰሜን ይሁን ደቡብ አትጨነቁ፤ ላሜራ ሁለቱንም ዋልታ ይቀበላል። ብረት በሚሞረድበት ክፍል ግን ማግኔቱን ገልጣችሁ አትተዉት፤ ብናኙን ሁሉ ይለብስና መጥረጉ መከራ ነው።

ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ማግኔቶቹ በደንብ መጣበቃቸውን እየጎተታችሁ አረጋግጡ። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ በመካከላቸው ተቆንጥጦ ሊበሳ ይችላል፤ ይህ ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ አደጋ ነው። ልባቸው ላይ የምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተገጠመላቸው ሰዎችም ማግኔቶቹን ወደ ደረታቸው ማስጠጋት የለባቸውም።

መስኮት ላይ አታስቀምጡት። የአዳማ ፀሐይ ኢቦናይቱን ወደ አረንጓዴ ቡናማ ይቀይረዋል፤ ነፋሱም አቧራውን ራሱ ውስጥ ይሞላዋል።

ጋያ ያላችሁ ደግሞ በዚህ አትድከሙ። ቅሉ ሆደ ሰፊ ነው፣ ውሃም ይይዛል፤ የጀበና ማቶት ይበቃዋል።