«ወረቀት አለው» ማለት አይበቃም፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የስፖርት ፊርማና ካርድ ሰብሳቢዎች ማኅበራችን አባላት፣ እንግዶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ። አዳራሹን በነፃ ለሰጡን፣ ቡናውን ላፈሉልን እህቶች፣ ከባልቲሞርና ከቨርጂኒያ በዚህ ትራፊክ ለመጣችሁ ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የሥራ ሪፖርቱ በየወንበራችሁ ላይ አለ። አዲስ አባላት ገብተዋል። ሰመር ላይ በነበረው የኳስ ውድድር ሰሞን ያዘጋጀናት ኤግዚቢሽን አምራ ነበር። ለልጆቻችንም የስፖርተኞች ፎቶ ያለበት ካርድ መለዋወጫ ቀን ከፍተናል። ይሄን ታነቡታላችሁ፤ እኔ አልቆይበትም።

የምቆይበት የአበበ ቢቂላ ፎቶ ላይ ነው።

ወሬውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። አንድ ታላቅ ወንድማችን «ሮም ላይ፣ በድሉ ማግስት የተፈረመ» የተባለ ፎቶ ከአንድ አባላችን ገዙ። ዋጋውን አልናገርም፤ እሳቸውም እንዲነገር አይፈልጉም። ወደ ኮሚቴው ያመጡት ከከፈሉ በኋላ ነው። ኮሚቴው ፊርማው ጋ እንኳን አልደረሰም። ፎቶውን ገለበጠው፣ በቃ። ጀርባው ለስላሳ፣ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው። እንዲህ ያለ የፎቶ ወረቀት ገበያ ላይ መታየት የጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። አበበ 11 ቁጥር ለጥፎ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ገና ያልተሠራ ወረቀት ላይ እንዴት አድርጎ ፈረመ?

«በኋላ ታጥቦ፣ በኋላ ተፈርሞ ቢሆንስ?» ያላችሁኝ አላችሁ። ይሆናል፤ አበበ እስከ 1973 በሕይወት ነበር። ግን ሻጩ ያለው እንደዚያ አይደለም። «ፊርማው እውነተኛ ነው» ተብሎ ከፎቶው ጋር የተሰጠው ሰርተፍኬትም እንደዚያ አይልም። ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ስልክ ደግሞ አይሠራም።

ይሄ «ወረቀት አለው» የሚባል ነገር ይብቃን። በ1990ዎቹ ኤፍቢአይ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» በሚል ዘመቻ ካሊፎርኒያ ውስጥ የፎርጅድ ፊርማ ነጋዴዎችን ሲይዝ፣ ከተገኙት ዕቃዎች መካከል ማዘር ቴሬዛ «የፈረሙባት» የቤዝቦል ኳስ ነበረች። ሳቁ፣ ያስቃል። ግን እነዚያም ሰዎች ዕቃቸውን የሚሸጡት ከነሰርተፍኬቱ ነበር። የትልልቆቹ ድርጅቶች ማረጋገጫም ቢሆን ወንጌል አይደለም። ካርድ መርምሮ ነጥብ የሚሰጠው ድርጅት፣ ፒኤስኤ፣ በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ግሬድ የሰጠው ካርድ የጥንቱ ቤዝቦል ተጫዋች የሆነስ ዋግነር ነው፤ ከ10 8 ሰጠው። ያንን ካርድ ቀደም ብሎ የሸጠው ነጋዴ ዋጋው እንዲጨምር ጠርዙን መከርከሙን በ2013 ፍርድ ቤት አመነ።

የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ ከቡልፔን በኋላ ነቃ። ከ2001 ጀምሮ ጨዋታው ላይ ቁጭ ብሎ ኳሱን በዓይኑ የሚከተል ሰው አለው፤ ብዙዎቹ ፖሊስ የነበሩ ናቸው። ዕቃው ከሜዳ ሲወጣ እዚያው ሆሎግራም የሚባል፣ ቁጥር ያለው የሚያብረቀርቅ ምልክት ይለጠፍበታል። ሰውየው ያላየው ነገር ላይ አይለጥፍም።

የእኛም መዝገብ የተከፈተው ለዚህ ነው። ማን ፈረመ፣ የት፣ መቼ፣ ማን አየ። ደግሞ ከእኛ የተሻለ ዕድል ያለው የለም! የቦስተን ማራቶን ሰሞን ሌላው ሰብሳቢ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮህ፣ እናንተ ሯጮቻችንን «እስቲ የኔ ወንድም፣ እዚህ ጋ ፈርምልኝ» ብላችሁ በአማርኛ ታስፈርማላችሁ። እኮራባችኋለሁ። ታዲያ ሲፈርም በስልካችሁ አንድ ፎቶ ማንሳት ምን ያህል ከባድ ነው? መዝገቡን ገልጣችሁ እዩት፤ ግማሹ ባዶ ነው።

የመዋጮው ነገርማ አይነሳ። የአልትራቫዮሌት መብራቱንና ማጉያ መነጽሩን ኮሚቴው ከኪሱ ነው የገዛው። ለአንድ ሳጥን የስፖርት ካርድ ክሬዲት ካርዳችሁን ሳታመነቱ የምትጭሩ ሰዎች፣ የዓመት መዋጮ ሲባል ስልክ አታነሱም። ይሄን የምለው እዚህ ላላችሁት አይደለም፤ ለቀሩት ነው። ቪዲዮው ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ስለሚለቀቅ ይሰሙታል።

ሻጩ ወንድማችንም ዛሬ የለም። ደውለንለታል። ኦንላይን መሆኑንም እናያለን። ወንድሜ፣ ማንም ሌባ አላለህም። አንተም ተሸውደህ ገዝተኸው ሊሆን ይችላል። ከማን እንደገዛኸው ንገረን፣ አለቀ። መጥፋትህ ግን ከፎቶው በላይ አስወርቶብሃል።

ታላቅ ወንድማችንን «ምነው ሳይከፍሉ በፊት ባሳዩን?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «የአብሮ አደጌ ልጅ እኮ ነው፣ በምን ዓይኔ አይቼ ማስረጃ አምጣ እለዋለሁ?» አሉኝ። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ መልስ ነው። ፎቶውን ፎርጅድ ያደረገው ሰው ብዙም አልለፋም፤ የቀረውን ሥራ የሠራለት የእኛ ይሉኝታ ነው። በጨረታ ቤት የማናምነውን፣ ፓርኪንግ ውስጥ ከመኪና መስኮት ተቀብለን እንከፍላለን።

ስለዚህ ኮሚቴው አንድ የደንብ ማሻሻያ አቅርቧል። ከ200 ዶላር በላይ የሆነ ዕቃ አባል ለአባል ሲሸጥ፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ኮሚቴው ያየዋል። ሻጩ ዕቃውን ከየት እንዳገኘው በጽሑፍ ይሰጣል። በ30 ቀን ውስጥ ችግር ከተገኘበት ገንዘቡ ይመለሳል። ደንቡ ለሁሉም ስለሆነ «ተጠረጠርኩ» ብሎ የሚቀየም አይኖርም። ለእኔም ይሠራል፤ የኃይሌን ማልያ ልሸጥ ስነሳ መጀመሪያ የምሰለፈው እኔ ነኝ።

ማሻሻያው ሪፖርቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነው። ጸሐፊያችን ያነቡልናል፣ ከዚያ እጅ እናወጣለን። ዕቃ ይዛችሁ የመጣችሁ ከምሳ በፊት በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ አስመዝግቡ። መዋጮም እዚያው ይከፈላል።