ስልሳው ወር፦ በጀርመን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ እንዴት ይቆጠራል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ቡናችሁን ያዙና ከቻላችሁ የመኖሪያ ካርዳችሁንም ከቦርሳ አውጡት፤ ትንሽ ቆይተን እንፈልገዋለን።

ጀርመን ውስጥ ሐበሻና ሐበሻ ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥላ የምትመጣ ጥያቄ አለች። «ስንት ዓመት ሆነህ?» ሰባት፣ ስምንት ይባላል። ወዲያው «ታዲያ ኒደርላሱንግህን እስካሁን አላወጣህም?» ትከተላለች። ኒደርላሱንግ እያልን የምናሳጥረው ኒደርላሱንግስኤርላውብኒስ የሚባለውን፣ እንደ ሌላው ፈቃድ በየጊዜው አድሱልኝ የማይባለውን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ጥያቄዋ ክፋት የላትም፣ ግን መነሻዋ ስህተት ነው። ሕጉ የሚቆጥረው አገሩ ላይ የኖርክበትን ጊዜ ሁሉ አይደለም። የትኛው ወር፣ በየትኛው ወረቀት፣ ጡረታ ተከፍሎበት ወይስ ሳይከፈልበት አለፈ ነው የሚለው። ስምንት ዓመት ኖሮ ሁለቱ ብቻ የሚቆጠሩለት ሰው አለ። ዓመት ከዘጠኝ ወር በሞላው ጊዜ ማመልከት የሚችልም አለ።

አሁን ካርዱን እዩት። አንመርኩንገን፣ ማለትም ማስታወሻ፣ በሚለው ቦታ የአንቀጽ ቁጥር ተጽፏል። ካርዱ ላይ ከፎቶው ቀጥሎ ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነው።

በጥገኝነት ለመጣ ሰው ብዙ ጊዜ 25 የሚለው ቁጥር ነው የሚጻፈው፤ ልዩነቱ ከ25 በኋላ ባለው ነው። ንኡስ አንቀጽ 2 የመጀመሪያው አማራጭ ከሆነ ሙሉ ስደተኛ ናችሁ፤ ሰማያዊውን ፓስ፣ ማለትም የስደተኛ የጉዞ ሰነዱን፣ የምትይዙት እናንተ ናችሁ። ሁለተኛው አማራጭ ከሆነ ዙብሲዲየር የሚሉት፣ ከሙሉ ስደተኝነት ዝቅ ያለ ጥበቃ ነው። ንኡስ አንቀጽ 3 ከሆነ ደግሞ እናንተን ወደ አገር ቤት ማባረር ስለተከለከለ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ሦስቱም ሠርቶ ያስኖራል፣ ግን ወደ ቋሚው ፈቃድ የሚወስዱት በአንድ መንገድ አይደለም።

ሰማያዊ ፓስ ያለው ሰው በአምስት ዓመት ያመለክታል። የጥገኝነት ጉዳዩ ሲታይ የቆየበት ጊዜም ከአምስቱ ውስጥ ይገባል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ካርዱ ከተሰጠበት ቀን ይጀምርና ሁለት ዓመቱን ለመንግሥት ይመርቃል። ቋንቋው ከአ1 እስከ ሴ2 ከሚሄዱት ደረጃዎች አ2 ይበቃል፣ ገቢው አብዛኛውን ኑሮውን መሸፈን አለበት። ሴ1 ያለውና ራሱን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚችል ከሆነ በሦስት ዓመት ይደርሳል። የጡረታ መዋጮ ወር አይጠየቅም። ባምፍ፣ ማለትም የፌዴራሉ የስደተኞች መሥሪያ ቤት፣ ጥበቃውን ለመሰረዝ ምርመራ ከጀመረ ግን ነገሩ ይቆማል። ለዚህ ነው ሰማያዊ ፓስ ይዞ ኤምባሲ ሄዶ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ማውጣት፣ ወይም አገር ቤት ደርሶ መምጣት፣ ቀላል ነገር የማይሆነው።

የቀሩት ሁለቱም አምስት ዓመት ነው የሚጠበቅባቸው፣ የጥገኝነቱ ሂደት ጊዜም ይቆጠርላቸዋል። ነገር ግን ቋንቋው ቤ1 ይሆናል፣ በዚያ ላይ 60 ወር የጡረታ መዋጮ ይጨመራል። በአንድ ቀን ገብተው በአንድ ሃይም፣ በአንድ የስደተኞች ማረፊያ፣ ያደሩ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ ኒደርላሱንግ ይዞ ሌላው ገና መዋጮ የሚቆጥረው በዚህ ነው። ስንፍና አይደለም።

ዱልዱንግ የያዛችሁ፣ በወረቀቱ ላይ በሰያፍ የተሰመረችውን ቀይ መስመር ታውቋታላችሁ። ዱልዱንግ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም፤ የማባረሩ ነገር ለጊዜው ተይዟል ማለት ብቻ ነው። በእሱ የኖራችሁት ጊዜ ለቋሚው አይቆጠርም። እድል ሰጪ የሚባለው የ18 ወር ፈቃድም አዲስ ማመልከቻ መቀበሉ በ2025 መጨረሻ ላይ አብቅቷል፤ በእሱ ላይ ያላችሁ 18 ወሩ ሳያልቅ ወደ አንቀጽ 25 ሀ ወይም 25 ለ መሻገር ግድ ነው፣ አለበለዚያ ወደ ዱልዱንግ መመለስ ነው።

ለሌሎቹ በአጭሩ ልበል። የጀርመን ዜጋ ያገባ በሦስት ዓመት፣ ትዳሩ እስካለ ድረስ። ብሉ ካርድ የሚባለው የከፍተኛ ባለሙያ ፈቃድ ያለው በ27 ወር፣ ቤ1 ካለው በ21 ወር። በባለሙያ ፈቃድ የመጣ በሦስት ዓመትና በ36 ወር መዋጮ፣ ጀርመን አገር ተምሮ ወይም አውስቢልዱንግ፣ ማለትም የሙያ ሥልጠና፣ ጨርሶ በዚያው ፈቃድ የሚሠራ በሁለት ዓመትና በ24 ወር።

ወደ ስልሳው ወር እንመለስ፤ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ስልሳው ወር ተከታታይ መሆን የለበትም፣ ተደምሮ ስልሳ ከሆነ ይበቃል። የወሩ አንድ ቀን እንኳ መዋጮ ካለበት ሙሉ ወር ሆኖ ይቆጠራል፤ ሥራ በ28ኛው ቀን ብትጀምሩም ያ ወር የእናንተ ነው። ሥራ ለቃችሁ አርባይትስሎዘንጌልድ 1 የሚባለውን የሥራ አጥ መድን ክፍያ የተቀበላችሁበት ጊዜም ብዙውን ጊዜ ይቆጠራል። ከጆብሴንተር የምትወስዱት የኑሮ ድጎማ ግን ከ2011 ወዲህ ጡረታ አይከፈልበትም፣ ስለዚህ አይቆጠርም።

ሚኒጆብ በሚባለው፣ ደሞዙ በጣሪያ በተወሰነው ትንሽ ሥራ ላይ ደግሞ ምልክት የምትደረግባት አንዲት ሳጥን አለች። በ2026 የሚኒጆብ ጣሪያ በወር 603 ዩሮ ነው። ከዚያ ላይ የሠራተኛው የጡረታ ድርሻ 3.6 በመቶ፣ ወደ 21 ዩሮ ከ70 ሳንቲም ግድም ነው። ውል ሲፈረም ከጡረታ ነጻ ልሁን የሚል ቅጽ አብሮ ይቀርባል፤ «ፈርም፣ ደሞዝህ ሳይቆረጥ ይገባልሃል» ይባላል፣ ይፈረማል። አሠሪው የራሱን 15 በመቶ ይከፍላል፣ ግን ያ ብቻውን የመዋጮ ወር አይሆንም። ሦስት ዓመት ሆቴል አጽድቶ ከስልሳው ውስጥ አንድም ወር ያልተቆጠረለት ሰው ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ያን ፊርማ ይሁን። በእኔ ግምት በዚህ አገር ከሚቆጠቡ ገንዘቦች ሁሉ ውድ የሆነው ያ 21 ዩሮ ነው።

ልጅ ያሳደጋችሁ እናቶች፣ እናንተ ደግሞ ሳታውቁት ወር አላችሁ። እዚህ አገር ያሳደጋችሁት አንድ ልጅ እስከ 36 ወር የጡረታ ጊዜ ያስቆጥራል። በራሱ ግን አይመዘገብም፤ ቭ0800 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ መላክ ያስፈልጋል። አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት ከሆኑ ደግሞ ስልሳውን ወር ከሁለት አንዳቸው ቢሞሉት ለሁለቱም ይበቃል። ባልየው ሞልቶ ሚስት ገና ሃያ ወር ላይ ነኝ ብላ የምትጠብቅበት ቤት ካለ፣ ነገ ጠዋት ቀጠሮ ይያዝ።

ይህ ሁሉ የሚታየው በአንድ ደብዳቤ ነው፤ ፈርዚኸሩንግስፈርላውፍ ይባላል። ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ፣ ከዶይቸ ሬንተንፈርዚኸሩንግ፣ በነጻ ታዝዞ በፖስታ ይመጣል። ከወር እስከ ወር፣ የት እንደተሠራ፣ ስንት ደሞዝ እንደተከፈለ ተዘርዝሯል። ስታነቡ ክፍተት ፈልጉ። ከዚያ በፊት ግን አናቱ ላይ ያለውን የጡረታ ቁጥር ተመልከቱ። አሥራ ሁለት ቦታ አለው፤ ሁለት ቁጥር፣ ከዚያ የልደት ቀናችሁ በስድስት ቁጥር፣ ከዚያ ስትወለዱ የነበረው የቤተሰብ ስማችሁ የመጀመሪያ ፊደል፣ ከዚያ ሌላ ሦስት ቁጥር።

የእኛ ስምና የእኛ ቀን መቁጠሪያ የሚያጣሉት እዚህ ነው። ጥር 5 ቀን 1985 የተወለደ ሰው በፈረንጅ 13.01.1993 ነው። ቁጥሩ ውስጥ 130193 ይገባል። ቀኑ ሳይቀየር በእኛው ከተጻፈ ግን 05.05.1985 ይሆንና 050585 ይገባል። ፊደሉም እንደዚሁ፤ አንዱ አሠሪ የአባትን ስም፣ ሌላው የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ከጻፈ ፊደሉ ይለያያል። ሁለት ቁጥር ከወጣ አርባ ወር በአንዱ፣ ሃያ ወር በሌላው ይቀመጥና ሁለቱም ደብዳቤ ጎዶሎ ይሆናል። መፍትሔው አዲስ ቀጠሮ አይደለም፣ ሁለቱን ሒሳብ አዋህዱልኝ ብሎ የደሞዝ ወረቀቶችን አያይዞ መጻፍ ነው። የልደት ቀኑ ራሱ ከተሳሳተ ይከብዳል። ለማኅበራዊ ዋስትናው መጀመሪያ የተነገረው ቀን ነው የሚጸናው፤ የሚለወጠው የጽሕፈት ስህተት ሲሆን፣ ወይም ከዚያ በፊት የወጣ ሰነድ ሌላ ቀን ሲያሳይ ነው። ዘንድሮ ከወረዳ የወጣ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት እዚህ ላይ አይረዳም፣ አንዳንዴም በማንነት ላይ ጥርጣሬ ያመጣል።

ሁለት ሦስት ወር ብቻ ለጎደላችሁ፣ በፈቃደኝነት መክፈል ይቻላል። በ2026 ትንሹ በወር 112 ዩሮ ከ16 ሳንቲም ነው። ያለፈውን ዓመት ባዶ ወሮች እስከ መጋቢት 22፣ በፈረንጁ ማርች 31፣ መሙላት ይፈቀዳል። ግዴታ መዋጮ ባለበት ወር ላይ ግን አይደረብም።

የቀረው ያን ያህል አያስጨንቅም። ሌበን ኢን ዶይችላንድ የሚባለው ስለ አገሩ ሕግና ኑሮ የሚሰጠው ፈተና 33 ጥያቄ ነው፣ ለዚህ 15 መመለስ ይበቃል፤ 17 የሚጠየቀው ለዜግነት ነው። ቤቱ ለአንድ ሰው 12 ካሬ፣ ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ 10 ካሬ ይታሰባል። ኪንደርጌልድ፣ ማለትም የልጅ አበል፣ የመንግሥት ድጎማ ተብሎ አይያዝባችሁም። የሙከራ ጊዜያችሁ ሳያልቅ ባታመለክቱ ይሻላል፤ ገቢው አስተማማኝ አይደለም ይባላል።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ካርዱ ሳያልቅ እድሳት ጠይቁ። ቀጠሮ ባይገኝ እንኳ በኢሜይል ጻፉና የላካችሁበትን አስቀምጡ። ቀኑ ሳያልፍ የጠየቀ ፊክሲዮንስቤሻይኒጉንግ፣ ማለትም ውሳኔ እስኪሰጥ የድሮውን ፈቃድ የሚያስቀጥል ወረቀት፣ ተሰጥቶት ጊዜው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ከ6 ወር በላይ ከአገር መውጣት ካለባችሁም አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ኒደርላሱንግ ያለውም ቢሆን በዚህ ሊያጣው ይችላል።

ደብዳቤውን ዛሬ እዘዙት። ቀጠሯችሁ ገና አንድ ዓመት ቢቀረውም እዘዙት፣ የጡረታ ሒሳብ ማስተካከል ወራት ይፈጃል። ጥያቄ ያላችሁ የካርዱን አንቀጽ ቁጥር ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ ስንት ዓመት እንደሆናችሁ ባትነግሩኝም ግድ የለም። ደኅና ሰንብቱ።