ሕጉ ጅማ ድረስ ይመጣል

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ መርከብ ነው።

ጅማ ተቀምጦ ስለ መርከብ? የሚል አይጠፋም። ግን እስቲ አስቡት። እዚህ ከተማ ውስጥ የቡና ዋጋ የማይወራበት ቤት አለ? መርካቶ ሂዱ፣ ኮቺ ሂዱ፣ ፈረንጅ አራዳ ሂዱ፤ ወሬው እሱ ነው። ከዚህ የሚጫነው ቡና አዲስ አበባ ይገባል፣ ይበጠራል፣ ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ ኮንቴይነር ላይ ይጫናል። ከዚያ ጂቡቲ። ከጂቡቲ በኋላ ስላለው ግን ብዙ ሰው አያነሳም።

እዚያ ያለው ዓለም የራሱ ሕግ አለው። ሕጉ በአብዛኛው የሚወጣው ለንደን ውስጥ ነው፤ ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ከሚባለው የተባበሩት መንግሥታት ተቋም። ድርጅቱን ያቋቋመው ስምምነት በ1948 ጄኔቫ ላይ ጸደቀ፣ በ1958 ሥራ ላይ ዋለ። በነገራችን ላይ ዛሬ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ እንዳትደናገሩ። ኢትዮጵያም የድርጅቱ አባል ናት።

ሕጉ እኛ ጋ እንዴት እንደሚደርስ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በ2007 ጥር ላይ ኤም ኤስ ሲ ናፖሊ የምትባል ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ላይ በማዕበል ተመታች፤ አካሏ ተሰነጠቀ። በኋላ ከላይ የተጫኑት ኮንቴይነሮች ሲመዘኑ፣ ከአምስቱ የአንዱ ያህል ክብደት ወረቀት ላይ ከተጻፈው ከ3 ቶን በላይ ይለያይ ነበር። ለመርከቧ መሰንጠቅ ብቸኛው ምክንያት ይህ አልነበረም። ነገር ግን ላኪዎች የሚጽፉት ክብደት እንደማይታመን ዓለም በዓይኑ አየ። ከ2016 ጁላይ 1 ጀምሮ ክብደቱ ተመዝኖ ያልተረጋገጠ ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይወጣም ተባለ። ይህ ለሀብታምም ለድሃም፣ የባሕር በር ላለውም ለሌለውም አንድ ሕግ ነው። ቡና ላኪው አገሩ ባሕር ይኑራት አይኑራት የሚጠይቀው የለም። ኮንቴይነሩ ተመዝኗል ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ሕጉ መምጣቱ አይቀርም። የሚመዝነው ሰው፣ ሚዛኑን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ ሕጉን ወደ አገር ውስጥ መመሪያ የሚለውጠው ባለሙያ ካለ፣ ሥራው ይቀላጠፋል። ከሌለ ግን ሕጉ ተጨማሪ ክፍያና ተጨማሪ ቀን ሆኖ ይመጣል። ያ ክፍያ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ላኪው ከአቅራቢው ላይ ይቀንሳል፣ አቅራቢው ከገበሬው ላይ። ጎማ ወይም ሊሙ ያለ ገበሬ ስለ ለንደን ስብሰባ ሰምቶ አያውቅም፤ ሂሳቡ ግን እሱ ጋ ይደርሳል።

የቴክኒክ ትብብር የሚባለው ነገር የተፈጠረው ለዚህ ነው። ድርጅቱ ለዚሁ ሥራ ብቻ የቆመ ኮሚቴ አለው። ባለሙያ ይልካል፣ ሕግ በማርቀቅ ያግዛል፣ መርማሪዎችን ያሰለጥናል። ከሁሉም በላይ እኔ የማከብረው ግን ትምህርት ቤቶቹን ነው። በ1983 ስዊድን፣ ማልሞ ውስጥ የዓለም የባሕር ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በ1988 ደግሞ ማልታ ላይ የባሕር ሕግ ተቋም። እዚያ የሚማሩት በአብዛኛው ከታዳጊ አገሮች የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ተምረው ሲመለሱ አገራቸው ውስጥ የወደብ ኃላፊ፣ የመርከብ መርማሪ፣ ተደራዳሪ ይሆናሉ። ለንደን ላይ አዲስ ሕግ ሲረቀቅ «ይህ አንቀጽ እኛን ይጎዳል» ብሎ እጁን የሚያወጣው ሰው ከዚህ ነው የሚገኘው።

ሌላኛውን ዓይነት ትብብር ግን አልወደውም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ሆቴል ውስጥ ሁለት ቀን ተቀምጦ፣ አበል ተቀብሎ፣ ባነር ስር ፎቶ ተነስቶ መበተን። በሌላ ሙያ ቢሆንም እንዲህ ያለ ስልጠና ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። አሰልጣኙ ጎበዝ ነበር፣ ፋይሉም ቆንጆ ነበር። ወደ ሥራችን ስንመለስ ግን የተማርነውን የምንሠራበት ኮምፒውተር እንኳ አልነበረንም። ገንዘቡ ወጣ፣ ሪፖርቱ ተጻፈ፣ ሥራው እንደነበረው ቀረ። ይህን ስል ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ያ ገንዘብ የሆነ አገር ግብር ከፋይ ያዋጣው ነው።

በደንብ የተሠራም አለ። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ወደቦች የመርከብ ወረቀቶችን በሙሉ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መስኮት መቀበል ግዴታቸው ሆነ። አንጎላ፣ ሎቢቶ ወደብ ላይ ይህን ሲስተም ለመዘርጋት ሲንጋፖር ከድርጅቱ ጋር ሆና ገባች። ሲንጋፖር ራሷ በዚህ ሥራ የተካነች ናት፤ እውቀቱን ከወረቀት ሳይሆን ከገዛ ወደቧ ነው ያመጣችው። እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል።

ለእኛ የቀረበውንም ላንሳ። የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች መርከብ በሚያግቱበት ጊዜ፣ በ2009 ጥር ላይ ጂቡቲ ውስጥ አንድ ስምምነት ተፈረመ። የጂቡቲ የሥነ ምግባር ደንብ ይባላል። መጀመሪያ ከፈረሙት ዘጠኝ አገሮች መካከል ኢትዮጵያ ነበረች። የባሕር ዳርቻ የሌላት አገር! በስምምነቱ መሠረት ሰንዓ፣ ሞምባሳና ዳሬሰላም ላይ የመረጃ መለዋወጫ ማዕከላት፣ ጂቡቲ ላይ ደግሞ ማሰልጠኛ ተቋቋመ። በዚያ መንገድ የሚያልፈው የእኛም ጭነት ነውና ፊርማው ተገቢ ነበር።

ባሕር የሌለው አገር መርከብ ላይ ምን መብት አለው? ለሚል፣ መልሱ ከተሰጠ መቶ ዓመት አልፎታል። በ1921 ባርሴሎና ላይ እንዲህ ያሉ አገሮች በባንዲራቸው መርከብ ማንቀሳቀስ እንደሚችሉ ታወቀ። በ1982 የወጣው የባሕር ሕግ ኮንቬንሽንም አጽንቶታል። ኢትዮጵያ በ1993 የባሕር ዳርቻዋን ካጣች በኋላም ባንዲራዋ ከመርከቦቿ ላይ አልወረደም። ከጅማ አዲስ አበባ ስንሄድ የምንሻገረውን የጊቤን ስም የያዘች መርከብ ውቅያኖስ ላይ ሄዳለች። ይህን ለልጆች ስነግራቸው ዓይናቸው ሲበራ አያለሁ።

የሰፈራችን ልጅ አለ፤ ስሙን አልጠራም። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ ሥራ አጥቶ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ባሕር ዳር ሄዶ የማሪታይም ስልጠና ወሰደ። ዛሬ የውጭ ድርጅት መርከብ ላይ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ይሠራል። እረፍት መጥቶ ቡና ስንጠጣ ሥራውን ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ አንዳንድ ወደብ ስንገባ መርማሪዎች መርከቡ ላይ ይወጣሉ» አለኝ። «መጀመሪያ ከሚያዩት ነገር አንዱ የሁላችንም ሰርተፍኬት ነው። የእኔንም ከፊሊፒንሱና ከህንዱ ጋር አንድ ላይ ያዩታል።»

ይህን ስሰማ ውስጤ ሞላ። ያቺ ሰርተፍኬት ዋጋ ያላት ከጀርባዋ ብዙ ነገር ስላለ ነው። በ1978 የወጣ የመርከበኞች ስልጠና ስምምነት አለ፤ በ1995 በሰፊው ተከለሰ፣ በ2010 ማኒላ ላይ እንደገና ተሻሻለ። አገሩ ሕጉን መቀበል አለበት። ትምህርት ቤቱ በደረጃው መሆን አለበት። ፈተናውና ምዝገባው መታመን አለበት። ይህንንም አገሩ ለዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በሪፖርት ማሳየት አለበት። አንዱ ከጎደለ ልጁ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ከመርከቡ ይወርዳል። ለዚህ ነው ይህን ሥራ የሚያጠናክር ድጋፍ ሁሉ እሰየው የምለው።

ሴት ልጆቻችንንም አልረሳሁም። በ2021 በወጣ የኢንዱስትሪው ጥናት ከዓለም መርከበኞች ሴቶች 1.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ በጣም ትንሽ ነው።

አሁን ደግሞ ትልቅ ነገር እየመጣ ነው። በ2025 ኤፕሪል ላይ ለንደን ውስጥ መርከቦች ከተፈቀደው በላይ ለሚለቁት የአየር ንብረትን የሚያዛባ ጋዝ እንዲከፍሉ የሚያደርግ ሕግ በረቂቅ ደረጃ ተቀባይነት አገኘ። ኦክቶበር ላይ ሊጸድቅ ሲል በድምፅ ብልጫ ለአንድ ዓመት ተራዘመ። አካባቢን መጠበቅ እኔም እፈልጋለሁ፤ የዝናቡ መዛባት ቡናችንን ሲጎዳ እያየሁ ነው። ግን ጥያቄ አለኝ። ክፍያው ሲጀመር የጭነት ዋጋ ይጨምራል ወይ? ከጂቡቲ እስከ አውሮፓ በአንድ ጆንያ ቡና ላይ ስንት ይሆናል? ከሚሰበሰበው ገንዘብ ለታዳጊ አገሮች ይደርሳል የተባለውስ የባሕር በር ለሌለን በምን ስሌት ይደርሰናል? ይህን ከእኛ ወገን ሆኖ የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢኮኖሚክስ አለ፣ ምህንድስና አለ፣ ሕግ አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ እባካችሁ ይህን ውሰዱት። ቡና ላኪዎቹም ቁጥሩን አትንፈጓቸው።

መርከብ ላይ የሠራችሁ፣ ትራንዚተር የሆናችሁ፣ ጂቡቲ ደርሳችሁ የመጣችሁ አድማጮች ካላችሁ በድምፅ ላኩልኝ። በተለይ ኮንቴይነር ስታስመዝኑ ምን ያህል ቀንና ገንዘብ እንደሚወስድባችሁ ንገሩኝ። በሚቀጥለው ክፍል መልሶቻችሁን ይዤ እመለሳለሁ።