ክኒኑን ለምን ተወው?

እንደምን አመሻችሁ! ሥራና ትምህርት ውላችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን።

ዛሬ ማታ እዚህ ሐዋሳ የምናየው ፊልም «ወርድስ ኦን ባዝሩም ዎልስ» ይባላል። ጁሊያ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመችው ልቦለድ ነበር፤ በ2020 ፊልም ሆነ። ባለታሪኩ አዳም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ሼፍ መሆን ይፈልጋል፤ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም አለበት።

በመጽሐፉ አዳም ሐኪሙ ፊት አፉን አይከፍትም። መልሱን ጽፎ ይሰጣል፤ እኛም የምናነበው ያንኑ ጽሑፍ ነው። በዓይኑ የሚመጡበት ሰዎች እዚያ በቃላት ብቻ ነበሩ፤ በፊልሙ ግን ተዋናዮች ሆነው አጠገቡ ይቆማሉ። ለሲኒማ ይህ ይመቻል፤ ጥሩም ተሠርቷል። በሕመሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መልክ ሳይሆን ድምፅ ነው። ስም ይጠራል፣ ያስፈራራል፣ ሰውየው የሚያደርገውን እየተከተለ ይናገራል፦ «ተነሳ፣ ጫማውን አደረገ፣ ይኸው እየሳቁበት ነው።» ሙዚቃ መስማት፣ ማንጎራጎር፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ብዙዎችን ለጊዜው ያሳርፋቸዋል። ስለዚህ በሐይቁ ዳር ብቻውን እያንጎራጎረ የሚሄድ የታመመ ልጅ ካላችሁ ማዳመጫውን ከጆሮው አትንጠቁት።

አደራ፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ልብ በሉ። አዳም መድኃኒቱ ይሠራለታል፤ ሆኖም ለሚወደው ሙያ እንቅፋት ይሆንበትና ለማንም ሳይናገር ያቆመዋል። እኛ አገር በየቤቱ የሚሆነው ይኸው ነው። ቤተሰብ «እልኸኛ ነው» ይላል። ልጁ ግን ምክንያት አለው፤ የጠየቀው ሰው የለም።

ከምክንያቶቹ አንዱን ልንገራችሁ። ሃሎፔሪዶል የሚባለው መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ አንገት ወደ ጎን ሊጣመም፣ ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ሊቀር፣ መንጋጋ ሊቆለፍ ይችላል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ይህን ሲያይ «መንፈሱ ባሰበት» ይልና ክኒኑን ይጥላል። መንፈስ አይደለም፤ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ጤና ተቋም ከደረሰ በመርፌ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል፤ እንዳይመለስ ደግሞ የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ይህን አስቀድሞ ለቤተሰብ መንገር የኛ የባለሙያዎች ግዴታ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይነገርም፤ ይህ ያሳዝነናል።

ሌሎቹ ቀስ ብለው የሚመጡ ናቸው። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ቁጭ ብሎ መቆየት አለመቻል፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ ውፍረት። ሪስፔሪዶን የሚባለው ሌላው የዚሁ ሕመም መድኃኒት የወር አበባ ሊያስቀር፣ የወንድን ስንፈተ ወሲብ ሊያመጣ ይችላል። የሃያ ዓመት ልጅ ይህን እናቱ ፊት ለሐኪም ይናገራል? አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ከሐኪም ጋር ብቻውን የሚያወራበት ጊዜ ስጡት። መጠኑ ይቀነሳል፣ ወደ ማታ ይዛወራል፣ መድኃኒቱ ይለወጣል። በየቀኑ መዋጥ የሰለቸው በየወሩ ገደማ የሚወጋው መርፌም አለ።

ሌላው አሳሳቹ ነገር፣ መድኃኒት ያቆመ ሰው በማግስቱ አይታመምም። እንዲያውም መጀመሪያ ቀለል ይለዋል፤ «ያለ እሱም ደህና ነኝ» ይላል። ሕመሙ የሚመለሰው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሆነ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የለም። በብዙዎች ላይ መጀመሪያ የሚበላሸው እንቅልፍ ነው። ሌሊት ሲንጎራደድ ካደረ፣ ሰው ከሸሸ፣ በቴሌቪዥን ስለ እኔ ይወራል ካለ፣ ቀጠሮውን አትጠብቁ። ጫት ከተጨመረበት ደግሞ ይፈጥናል። ከመጀመሪያው ሕመም ካገገመ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት መድኃኒቱ መቀጠል አለበት፤ ሲቆምም ከሐኪም ጋር ተመክሮ ቀስ በቀስ ነው።

ጠበልም ሆነ ጸሎት ከክኒን ጋር አይጣላም። ጾም ከሆነ ማታ ይዋጥ። ማሰርና መግረፍ ግን ሕክምና አይደለም፤ የሰንሰለት ቁስል ያመረቅዛል፣ ልጁም ዳግም አያምናችሁም።

ቤት ስትገቡ «ክኒንህን ዋጥክ?» የሚለውን ጥያቄ ለአንድ ቀን ተዉትና «ክኒኑ ምን እያደረገህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሻይ አቅርባችሁ፣ ሰው በሌለበት። መልሱን ጻፉና ለሐኪሙ ውሰዱት። ድምፁ «ራስህን ግደል» የሚለው ከሆነ ግን ብቻውን አታሳድሩት፤ በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ።

ፊልሙ ውስጥ ከጨለማ የሚናገር አስፈሪ ድምፅ አለ፤ ለአንዳንዶቻችሁ ሊከብድ ይችላል። የከበደው ሰው ተነስቶ ይውጣ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ውጭም ባለሙያ ተቀምጧል። አሁን መብራቱን ማጥፋት ይቻላል።