ከዋሽንግተን ደብረ ማርቆስ ስንት ሰዓት ነው?

ደብረ ማርቆስ ሆናችሁ ከዋሽንግተን ዲሲ የሚመጣ ወንድም ትጠብቃላችሁ እንበል። ትኬቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ልኮላችኋል። መነሻ 11:00፣ መድረሻ በማግሥቱ 08:00 ይላል። ብታሰሉት 21 ሰዓት ይመጣል። አትደንግጡ፤ ያን ያህል አየር ላይ አይቆይም።

[ምስል፦ ሁለት የግድግዳ ሰዓቶች ጎን ለጎን]

ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። መነሻው በዋሽንግተን፣ መድረሻው በአዲስ አበባ። እኛ 8 ሰዓት እንቀድማቸዋለን። ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ግን እነሱ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፉ ልዩነቱ 7 ነው። ጉዞው ጥር ላይ ከሆነ ከ21 ላይ 8 ቀንሱ። 13 ሰዓት ይቀራል። በረራው ይኸው ነው።

ሌላው ጣጣ የእኛ አቆጣጠር ነው። 08:00 ማለት በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። «8 ሰዓት ይገባል» ብሎ ምሳውን በልቶ ቦሌ የሚሄድ ተቀባይ አይጠፋም። እንግዳው ስድስት ሰዓት ሙሉ ሻንጣው ላይ ቁጭ!

[ምስል፦ ሉል፣ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ ክር]

ርቀቱ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በደቡብ በኩል ብትሆንም አጭሩ መስመር የሚጀምረው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ይህ ስህተት ይመስላል። ሉል ላይ ክር ወጥሩና እዩት፤ አትላንቲክን አቋርጦ በስፔንና በሰሜን አፍሪካ በኩል ይወርዳል።

ከዚህ ወደዚያ ሲኬድ ግን ጉዞው ይረዝማል። አንደኛ፣ ከፍታው ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። የሚመጣውን ይገፋል፣ የሚሄደውን ይይዛል። ሁለተኛው ቦሌ ራሱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም አቅም ያንሳቸዋል። አውሮፕላኑ ለመላው መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል።

[ምስል፦ የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ]

አሁን ወደ አገራችን። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ በአየር 190 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በመኪና ግን 300 ነው። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀን መውጣት አለ። መንገዱ ሰላም ቢሆን እንኳ ግማሽ ቀን ይበላል።

«በአውሮፕላን ባሕር ዳር ገብቶ ቢመለስስ?» ትሉ ይሆናል። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግን ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስም ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ለማርቆስ ሰው ትርፉ ድካም ነው። ለዳንግላ ሰው ያዋጣዋል።